ከማርስ ኮረብታ እስከ ሰማይ ድንጋዩ ጉድጓድ

በአሜሪካ አገር፣ በአሪዞና ግዛት፣ ፍላግስታፍ የምትባል ከተማ አለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ስለሆነ አየሯ የኛን ደጋ ይመስላል፤ ማታ ይቀዘቅዛል፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። በስተ ሰሜኗ ድሮ እሳት ሲተፋ የኖረ፣ 3,850 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ተራራ ቆሟል። በዙሪያዋም በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች ተበትነዋል። አንባቢ ይህን የእሳተ ገሞራ ነገር በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ ይፈለጋል።

ወደዚች ከተማ የሚመጣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የግራንድ ካንየንን ታላቅ ገደል ለማየት ሲል ያልፋታል። አንድ ቀን ትርፍ ያለው ሰው ግን ሁለት ቦታዎችን ቢጎበኝ አይቆጨውም። አንደኛው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ከፍ ብሎ የሚገኘው የማርስ ኮረብታ ነው። ሁለተኛው በስተ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በሜዳ ላይ አፉን የከፈተ ታላቅ ጉድጓድ ነው። በመጀመሪያው ቦታ አንድ ብልህ ሰው የሌለውን ነገር አየ። በሁለተኛው ቦታ ሌላ ብልህ ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር ሳያይ ቀረ። ሁለቱም ሰነፎች አልነበሩም፤ ሁለቱም ዋሾዎች አልነበሩም። ታዲያ እንዴት ተሳሳቱ? ሳይንስስ ከስሕተታቸው እንዴት ወጣ? ከኮረብታው እስከ ጉድጓዱ የምናደርገው ጉዞ ይህን ጥያቄ ይዞ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በማርስ ኮረብታ ላይ

ከከተማዋ መካከል ተነሥቶ ወደ ኮረብታው የሚወጣው መንገድ አጭር ነው። ጥድ መሰል ረዣዥም ዛፎች በግራና በቀኝ ተሰልፈው ጥላቸውን ይጥላሉ። ከላይ ሲደርሱ ክብ ጣሪያ ያለው ነጭ የእንጨት ቤት ይታያል። በውስጡ የመስታወቱ ስፋት 61 ሳንቲ ሜትር፣ የቱቦው ርዝመት ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ፣ በ1896 የተተከለ ቴሌስኮፕ አለ። ከዚያው አጠገብ ጣሪያው ሰማያዊ መስታወት የሆነ አነስተኛ የድንጋይ መቃብር ቤት ቆሟል። በዚያ ያረፉት ቴሌስኮፑን ያስተከሉት ሚስተር ፐርሲቫል ሎዌል ናቸው።

ሚስተር ሎዌል በ1855 በቦስተን ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ በሒሳብ የበረቱ፣ ጃፓንንና ኮሪያን ዞረው አይተው መጻሕፍት የጻፉ፣ አንደበታቸው የተባ ሰው ነበሩ። በ1894 ከገዛ ገንዘባቸው ወጪ አድርገው በዚህ ኮረብታ ላይ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ሲያቋቁሙ ዋናው ዓላማቸው ማርስን መመርመር ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በኢጣልያ ነው። በ1877 በሚላኖ ከተማ የነበሩት ሊቅ ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ ማርስን ሲመለከቱ ቀጫጭን መስመሮች ታዩአቸውና በቋንቋቸው «ካናሊ» አሏቸው። ይህ ቃል በኢጣልያንኛ ተፈጥሮ ያበጀችውንም ሰው የቆፈረውንም ቦይ ሊያመለክት ይችላል። ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ግን ሰው የቆፈረውን ቦይ የሚያሳስበው ቃል ተመረጠለት። የሱዌዝ ቦይ ለመርከቦች የተከፈተው በ1869 ነበርና፣ በዚያ ዘመን ቦይ ሲባል የመሐንዲስ ሥራ በሁሉም ሰው ሐሳብ ላይ ይመጣ ነበር። እንግዲህ ማርስን በቅጡ ለማየት ከመቻሉ በፊት ቃሉ ራሱ የፍርዱን ግማሽ ፈርዶ ነበር።

ስሞቹም እንዲሁ ናቸው። ስኪያፓሬሊ ለማርስ ስፍራዎች ስም ሲያወጡ ከጥንታውያን መጻሕፍት ስለ ወሰዱ፣ ከማርስ አገሮች አንዱ «ኤቲዮፒስ» ተብሎ በአገራችን ስም ተጠርቷል። በዚያ ስፍራ ኢትዮጵያን የሚመስል ነገር የታየ ሆኖ አይደለም። ስም አውጪ ከቤቱ ይዞት የወጣውን ስም ይሰጣል እንጂ።

ሚስተር ሎዌል ግን ከስምና ከመስመር አልፈው ሄዱ። አነጋገራቸው እንዲህ ያለ ነበር፦ መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ተፈጥሮ እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር አታሰምርም፤ ስለዚህ የሠራቸው አእምሮ ያለው ፍጡር ነው። ማርስ እየደረቀች የሄደች ዓለም ናት፤ በዋልታዎቿ ግን በረዶ አለ፤ ስለዚህ ቦዮቹ የበረዶውን ውሃ ወደ ደረቁ አገር ለማድረስ የተቆፈሩ ናቸው። ይህን በ1895፣ በ1906 እና በ1908 ባሳተሟቸው ሦስት መጻሕፍት አስፋፍተው ጻፉ፤ በየአዳራሹም ተናገሩ፤ ሕዝቡም በደስታ ሰማቸው። ልብ ብሎ ለሚያየው ሰው የሐሳቡ ሰንሰለት ከሁለተኛው ቀለበት ጀምሮ ጠንካራ ነው። የመጀመሪያዋ ቀለበት ብቻ ከምንም ላይ አልተንጠለጠለችም፤ መስመሮቹ አልነበሩምና።

የሌለ መስመር እንዴት ይታያል? የምድራችን አየር እንደ ፈላ ውሃ እንፋሎት ስለሚንቀጠቀጥ፣ በቴሌስኮፕ የምትታየው ማርስ ጥርት የምትለው ለቅጽበት ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ዐይን የተበታተኑ ነጠብጣቦችን ይለቅማል፤ አእምሮም ነጠብጣቦቹን አያይዞ መስመር ያደርጋቸዋል። በ1903 የእንግሊዙ የከዋክብት ተመራማሪ ኤድዋርድ ማውንደርና ባልደረባቸው ይህን በፈተና አሳዩ። በግሪኒች ለሚገኝ ትምህርት ቤት ልጆች አንድም ቦይ ያልተሣለበት፣ ነጠብጣብና ጥላ ብቻ ያለበት የማርስ ሥዕል ከሩቅ አቅርበው «ያያችሁትን ሣሉ» አሏቸው። ስለ ማርስ ክርክር ምንም የማያውቁት ልጆች፣ በተለይ በመካከለኛ ርቀት የተቀመጡት፣ ቀጥ ያሉ መስመሮችን ሣሉ። ሚስተር ሎዌል ይህን ፈተና «የትንንሽ ልጆች ነገር» አድርገው ናቁት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው በገዛ ቤታቸው የሆነው ነው። ለጣቢያው የሚሆነውን ቦታ መርጦ ለማግኘት በ1894 አሪዞናን የዞሩት ረዳታቸው አንድሩ ዳግላስ ነበሩ። እኚህ ሰው መስመሮቹን ራሳቸው ካዩና ከሣሉ በኋላ ጥርጣሬ ገባቸው። ሰው ሠራሽ የፕላኔት ምስሎች በርቀት አቁመው በቴሌስኮፕ ቢመለከቱ፣ በምስሉ ላይ ያልተሣሉ መስመሮች ይታዩአቸው ጀመር። በመጨረሻም አለቃቸው አስቀድመው ላመኑበት ሐሳብ ማስረጃ ይሰበስባሉ እንጂ ሐሳቡን አይፈትኑም ብለው ለሎዌል ዘመድ ደብዳቤ ጻፉ። ነገሩ ከሎዌል ጆሮ ደረሰና ዳግላስ በ1901 ከሥራቸው ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ በዚያው በአሪዞና የዛፍ ግንድ ዓመታዊ ቀለበቶችን በመቁጠር የጥንት ዘመንን የሚለካውን ትምህርት መሠረቱ። ስማቸው ዛሬ የሚጠራው በዚሁ ነው። ጣቢያው ግን በዚያን ቀን ያጣው አንድ ሠራተኛ ብቻ አልነበረም፤ «እስቲ እንደገና እንየው» የሚለውን ድምፅ አጣ።

በ1909 በፓሪስ አጠገብ በሜዶን፣ 83 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ትልቅ ቴሌስኮፕ፣ ኤውጄን አንቶኒያዲ የተባሉ ሊቅ አየሩ ጸጥ ባለበት ሌሊት ማርስን ተመለከቱ። ቦይ የተባለው ሁሉ ተበትኖ ቅርጸ ብዙ ነጠብጣብ ሆኖ አገኙት። ሚስተር ሎዌል ግን እስከ ሞቱበት እስከ 1916 ድረስ ከሐሳባቸው አልተመለሱም።

ይህን ሰምቶ በኮረብታው ላይ መሳቅ ይቀላል። ሆኖም በዚያው ጣቢያ ቬስቶ ስላይፈር ከ1912 ጀምሮ በሩቅ ያሉ የከዋክብት ጭፍሮች የሚሮጡበትን ፍጥነት ለኩ። በየካቲት 1930 ደግሞ ወጣቱ ክላይድ ቶምቦ ፕሉቶን አገኙ። ሰውዬው ስለ ማርስ ቢስቱም ያቆሙት ቤት እውነትን ወልዷል።

ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጉድጓዱ

ከፍላግስታፍ ወደ ምሥራቅ ሲነዱ መንገዱ እየወረደ ይሄዳል። ዛፎቹ ይሳሳሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ጨርሰው ይጠፋሉ። የሚቀረው ቀላ ያለ አፈር፣ ደረቅ ሣርና እስከ አድማስ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ከዋናው ጎዳና ወደ ደቡብ ታጥፈው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ዝቅ ያለ ኮረብታ መሳይ ዳርቻ ይታያል፤ ከሜዳው ከፍ የሚለው 45 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ምንም አያስደንቅም። ከዳርቻው ጫፍ ላይ ሲወጡ ግን መሬቱ ከእግር በታች ይከፈታል። ከዳር እስከ ዳር 1,200 ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም 170 ሜትር ያህል የሆነ ክብ ጎድጓዳ ነው። ነፋሱ ባርኔጣ ያስወልቃል፤ በወለሉ ላይ ሰው ቢቆም ጉንዳን ያህል አይታይም።

በዙሪያው ባለው ሜዳ ላይ የብረት ድንጋዮች ተበትነው ይገኙ ነበር። በ1891 ከፊላደልፊያ የመጡ የማዕድን ዐዋቂ አልበርት ፉት ብረቶቹ ከሰማይ የወረዱ መሆናቸውን መስክረው ለሊቃውንት ጉባኤ ነገሩ። ይህን ከሰሙት አንዱ የአሜሪካ የሥነ ምድር መሥሪያ ቤት ዋና ሊቅ ሚስተር ግሮቭ ካርል ጊልበርት ነበሩ። በዘመናቸው እንደ እሳቸው የተከበረ፣ እንደ እሳቸውም ጠንቃቃ የሥነ ምድር ሰው ብዙ አልነበረም። ወዲያው አንድ ጥያቄ በልባቸው ተነሣ፦ ይህን ጉድጓድ የቆፈረው ከሰማይ የወደቀ ትልቅ ብረት ይሆንን?

በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ራሳቸው ወደ ስፍራው ሄዱ። እንደ ሎዌል አንድ ሐሳብ ብቻ ይዘው አልሄዱም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1890፣ ቶማስ ቻምበርሊን የተባሉ ሌላ ሊቅ ለተመራማሪዎች አንድ ምክር ጽፈው ነበር። ምክሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሰው የራሱን መላ ምት እንደ ልጁ ይወዳል፤ ፍቅሩም ፍርዱን ያዛባል፤ ስለዚህ አንድ ልጅ ብቻ አትውለድ፤ ብዙ መላ ምቶችን ውለድና ሁሉንም በእኩል አሳድግ። ጊልበርትም ሁለት መላ ምቶችን አቆሙ። አንደኛው የሰማይ ብረት ነው። ሁለተኛው ከምድር ውስጥ በእሳተ ገሞራ ሙቀት የታፈነ እንፋሎት ፈንድቶ ነው የሚል ነበር።

ከዚያም ሁለት ፈተናዎችን አዘጋጁ። በመጀመሪያ፣ ትልቅ ብረት ከጉድጓዱ ሥር ተቀብሮ ከሆነ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ በዳርቻው የተቆለለው አፈርና ድንጋይ ቢለካ ከጎድጓዳው ባዶ ስፍራ መብለጥ አለበት። በሁለተኛው፣ ያን ያህል ብረት ካለ የኮምፓስ መርፌ ሊስበው ይገባል። ሁለት ሳምንት ያህል ለኩ። የዳርቻው ቁልልና የጎድጓዳው ባዶ ስፍራ እኩል ሆኑ፤ እያንዳንዳቸው 63 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል። የኮምፓሱም መርፌ አልተነቃነቀም። ስለዚህ ጊልበርት ብረት የለም አሉ፤ ብረት ከሌለም ጉድጓዱ የእንፋሎት ፍንዳታ ነው ብለው ፈረዱ። ለነገሩ በምዕራብ በኩል ቀና ብሎ ላየ ሰው በመቶ የሚቆጠሩት የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች በአድማሱ ላይ ይታያሉ። የብረቶቹ በዚያ ስፍራ መገኘትስ? የአጋጣሚ ነገር ሆኖ ታለፈ።

አስገራሚው ነገር የሚቀጥለው ነው። በ1892 ጊልበርት በዋሽንግተን በባሕር ኃይል መመልከቻ ጣቢያ ለ18 ሌሊቶች ጨረቃን ተመለከቱ። የጨረቃ ጉድጓዶች እሳተ ገሞራ ያበጃቸው ሳይሆኑ ከሰማይ በወደቁ አካላት የተመቱ ጠባሳዎች ናቸው ብለው ጻፉ። አንድ የምክር ቤት አባል መሥሪያ ቤቱ ሥራ ቢያጣ ዋናው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ጨረቃ ላይ አፍጥጦ ያድራል ሲሉ ቀለዱባቸው። ቀልደኛው ተረስተዋል፤ ስለ ጨረቃ የተጻፈው ግን በጠቅላላው ትክክል ነበር። እንግዲህ ያው ሰው በ384,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ያለውን የሰማይ ድንጋይ ጠባሳ ለይተው ዐወቁ፤ በእግራቸው የቆሙበትን ግን አላወቁም። ልብ ካላየ ዐይን አያይም እንደሚባለው ነው።

ስሕተቱ ከወዴት ገባ? ልኬቱ ልክ ነበር። ፈተናው በጥንቃቄ የተሰናዳ ነበር። የጎደለው አንድ መላ ምት ነው፤ ብረቱ ወድቆ ጉድጓዱን ከቆፈረ በኋላ ራሱ ሊጠፋ ይችላል የሚለው። በሴኮንድ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር ብረት ከምድር ጋር ሲጋጭ እንደ ጥይት አይቀበርም፤ እንደ ቦምብ ይፈነዳል፤ አብዛኛውም ቀልጦና ተንኖ ይበተናል። በ1891 ይህን በውል ያሰላ አልነበረም። የቻምበርሊን ምክር ካሉት ልጆች አንዱን እንዳናደላ ይጠብቀናል፤ ያልተወለደውን ልጅ ግን ሊያሳስበን አይችልም።

የሃያ ሰባት ዓመት ቁፋሮ

በ1902 ስለ ጉድጓዱ የሰሙት ሚስተር ዳንኤል ባሪንጀር በአሪዞና የብር ማዕድን የከበሩ መሐንዲስ ነበሩ። በ1903 ከአንድ ወዳጃቸው ጋር ኩባንያ አቋቁመው ስፍራውን ያዙ። ምርመራቸውም እጅግ ጥሩ ነበር። በዳርቻው ላይ የድንጋዮቹ ንጣፍ እንደ ተገለበጠ፣ ማለት ከታች መሆን የሚገባው ከላይ እንደ ተቀመጠ አዩ። የሰማዩ ብረት ከተበተነው ድንጋይ ጋር ተቀላቅሎ መገኘቱን፣ ስለዚህም ሁለቱ በአንድ ጊዜ መውደቃቸውን አስረዱ። የአሸዋ ድንጋዩ እንደ ዱቄት ተፈጭቶ መገኘቱንም አሳዩ፤ እንፋሎት እንዲህ አይፈጭም። እሳተ ገሞራ ለመኖሩ ግን አንድም ምልክት አላገኙም። በ1905 እና በ1906 ይህን ሁሉ ጻፉ።

ጽሑፋቸው ግን የጊልበርትን ስም በብርቱ የሚነካ ነበር። የመንግሥቱ የሥነ ምድር ሰዎች ለተከበሩት አለቃቸው አደሉና ዝም አሉ። ጊልበርት ራሳቸው በጽሑፋቸው ነገሩን ለማንኛውም አዲስ ማስረጃ ክፍት አድርገው ትተውት ነበር፤ ተከታዮቻቸው ግን በሩን ዘጉት። አንድ ትልቅ ሰው «ይመስለኛል» ያለው ነገር በደቀ መዛሙርቱ አፍ «ነው» ሆኖ ሲያልፍ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ሚስተር ባሪንጀር ደግሞ በበኩላቸው የራሳቸው ልጅ ነበራቸው። ጉድጓዱ የሰማይ ድንጋይ ሥራ ነው ማለታቸው እውነት ነበር፤ ብረቱ በሚሊዮን በሚቆጠር ቶን ከሥር ተቀምጦ ይጠብቀኛል ማለታቸው ግን ምኞት ነበር። በወለሉ መካከል ቆፈሩ፤ አልተገኘም። ጥይት ወደ ጭቃ በአግድም ቢተኮስም ክብ ቀዳዳ እንደሚያበጅ ተመልክተው፣ ብረቱ በአግድም መጥቶ ከደቡቡ ዳርቻ ሥር ገብቷል አሉ። በዚያም እስከ 419 ሜትር ድረስ ተሰረሰረ፤ መሰርሰሪያው ተሰንቅሮ ቀረ። ባልተገኘ ቁጥር ሐሳቡ አልተጣለም፤ ብረቱ ብቻ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። የሚወዱት መላ ምት ሁልጊዜ መሸሸጊያ አያጣም።

በ1929 ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች የፎሬስት ሞልተንን፣ የታወቁትን የከዋክብትና የሒሳብ ሊቅ ምክር ጠየቁ። የሊቁ ስሌት ወድቆ የነበረው አካል 300,000 ቶን ያህል ቢሆን ነው፤ እሱም ሲወድቅ ፈንድቶ ጠፍቷል የሚል ነበር። ሁለተኛው ዘርዘር ያለ ሪፖርት የወጣው በኅዳር ወር 1929 ነው። ሚስተር ባሪንጀር በዚያው ወር መጨረሻ በልብ ሕመም በድንገት ዐረፉ። ሀብታቸውንና 27 ዓመታቸውን በዚያ ጉድጓድ ጨርሰዋል። ዛሬ ከዳርቻው ላይ ቆሞ ወደ ወለሉ የሚያይ ሰው የቁፋሯቸው አፍና የመኪናዎቻቸው ቅሪት ይታየዋል። ጉድጓዱም በሳይንስ መዝገብ በስማቸው ይጠራል።

ምስክር የሆነችው ቅንጣት

ክርክሩን የቋጨው አንድ ወጣት የሥነ ምድር ተማሪ ነው። ዩጂን ሹሜከር በኔቫዳ በረሃ የአቶሚክ ቦምብ ያበጃቸውን ጉድጓዶች ተመልክተው ነበር። በዚያ የመሬቱ ንጣፍ በዳርቻው ላይ እንደ አበባ ቅጠል ወደ ውጭ ተገልብጦ አዩ። ወደ አሪዞናው ጉድጓድ መጥተው ቢመረምሩ ያውን ግልባጭ፣ መጠኑ ብቻ የሚበልጠውን፣ አገኙ። በ1960 ደግሞ ከኤድዋርድ ቻዎና ከቤት ማድሰን ጋር ሆነው ከጉድጓዱ ድንጋይ ውስጥ ኮይሳይት የሚባል ማዕድን መገኘቱን አስታወቁ።

ኮይሳይት ከተራ አሸዋ የሚሠራ ነው፤ የሚሠራው ግን እጅግ ታላቅ ግፊት ሲጫነው ብቻ ነው። አስቀድሞ የታወቀው በ1953 በቤተ ሙከራ ሲሠራ ነበር። ከምድር ገጽ አጠገብ የሚፈነዳ እሳተ ገሞራ ያን ያህል ግፊት ሊያመጣ አይችልም። ስለዚህ ቅንጣቷ ለማንም የማታደላ ምስክር ሆነች። ጊልበርት ብረት ፈለጉ፤ ባሪንጀርም ብረት ፈለጉ፤ መልሱ ግን በአሸዋው ውስጥ ነበር።

ወዲያውም በጀርመን አገር በሪስ ያለው ሰፊ ጎድጓዳ ተመረመረ። ለብዙ ዘመን የእሳተ ገሞራ ሥራ ሲባል የኖረ ነው። በዚያም ኮይሳይት ተገኘ። በውስጡ ያለችው የኖርድሊንገን ከተማ ነዋሪዎች በሰማይ ድንጋይ ምት ከተፈጠረ ድንጋይ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለዘመናት ሲጸልዩ ኖረዋል፤ ማንም አላወቀም። ዛሬ በምድራችን ላይ እንዲህ ያሉ ጠባሳዎች ወደ 200 የሚጠጉ ታውቀዋል። ጠባሳዎቹ ከ1960 በፊትም ነበሩ፤ የሚለየው የተማረ ዐይን ብቻ አልነበረም።

ስሕተቱ ሲገለበጥ

አንባቢ እንግዲህ ነገሩ ተፈጸመ፣ ሳይንስ ከአድልዎ ነጻ ወጣ ይል ይሆናል። አይደለም። በሐምሌ 1965 ማሪነር 4 የተባለችው መንኮራኩር በማርስ አጠገብ አልፋ 21 ፎቶግራፎችና የአንድ ቁራጭ ላከች። የሎዌል ቦዮች የሉም፤ የታየው እንደ ጨረቃ በጉድጓድ የተበሳ መሬት ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሊቃውንት ማርስ የሞተች፣ ከጨረቃ የማትሻል ዓለም ናት ብለው ፈረዱ። ፎቶግራፎቹ ግን የሸፈኑት ከፕላኔቷ መቶ እጅ አንዱን እጅ ያህል ነበር። አንድ ሰው በአውሮፕላን መስኮት የአፋርን በረሃ ብቻ አይቶ ቢያልፍ ስለ ስሜን ተራራና ስለ ጣና ምን ሊናገር ይችላል? በኅዳር 1971 ማሪነር 9 ደርሳ ማርስን መዞር ጀመረች። ሸፍኗት የነበረው የአቧራ ማዕበል ሲገለጥ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእሳተ ገሞራ ተራራ፣ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሸለቆና በጥንት ዘመን ውሃ የፈሰሰባቸው የሚመስሉ ወንዞች ታዩ። የሰዎች ሐሳብ ከቦዩ ሸሽቶ ወደ ሌላው ጫፍ ወድቆ ነበር።

በጨረቃም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ወደ ጨረቃ የሚሄዱት የአፖሎ ሰዎች ድንጋይ መለየትን የተማሩት ከሌሎች ቦታዎች ጋር በዚሁ በአሪዞናው ጉድጓድና በፍላግስታፍ ዙሪያ ነበር። ሹሜከር ያቋቋሙት የሌሎች ዓለማት የሥነ ምድር ክፍልም መኖሪያውን በፍላግስታፍ አድርጎ ነበር። የአፖሎ 16 መንገደኞች በሚያዝያ 1972 ዴካርት በተባለው ደጋ ሲወርዱ፣ ጠበብቱ ከፎቶግራፍ ላይ ያዩትን ቅርጽ በምድር ከሚያውቁት ጋር አመሳስለው እሳተ ገሞራ ይገኛል ብለው ጠብቀው ነበር። ጆን ያንግና ቻርልስ ዱክ ግን ያገኙት ደጋግሞ በመመታት ተሰባብሮ እንደገና የተጣበቀ ድንጋይ ነው። የጠበቁት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አልነበረም። ሰዎቹ ያዩትን በሬዲዮ እንዳዩት ተናገሩ፤ ጠበብቱም ካርታቸውን አረሙ። በፍላግስታፍ ታሪክ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ዳግላስን ከሥራ ካሰናበተው ቤት ጋር ቢያነጻጽሩት ልዩነቱ ይታያል።

ከዳሎል የተነሣ ክርክር

የኛም አገር በዚህ ጉዳይ ውስጥ ድርሻ አላት። በአፋር፣ ከባሕር ወለል በታች በሚገኘው በዳሎል፣ ጨውና አሲድ የተቀላቀለባቸው ቢጫና አረንጓዴ የፈላ ኩሬዎች አሉ። ማርስን የሚያጠኑ ሊቃውንት ሕይወት እስከ ምን ድረስ ሊጸና እንደሚችል ለማወቅ ወደዚያ ይወርዳሉ። በ2019 የሁለት ጓዶች ውጤት ታተመ። አንደኛው በዚያ እጅግ ደቃቅ ሕያዋን አግኝተናል አለ። ሁለተኛው በአሲዱ ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም፤ አንዳንድ የማዕድን ቅንጣቶች በማጉያ መነጽር ሲታዩ ሕያው ነገር ይመስላሉ አለ። ያው ስፍራ፣ ያው ዓመት፣ ሁለት ፍርድ። በእግር ሄዶ፣ ውሃውን ቀድቶ፣ በእጅ ይዞ መመርመር በሚቻልበት በዳሎል እንዲህ ከሆነ፣ በሚሊዮን በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚገኝ ድንጋይ የሚሰጥ ፍርድ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው መገመት አያዳግትም።

ጉዞው የሚያስተምረው

ከኮረብታው እስከ ጉድጓዱ ያገኘናቸው ሰዎች ሁሉ ዝንባሌ ነበራቸው። ሎዌል የሚወዱት ታሪክ ነበራቸው፤ ጊልበርት የሚያምኑት ፈተና ነበራቸው፤ ባሪንጀር የሚጠብቁት ሀብት ነበራቸው። ዝንባሌ የሌለው ሰው እስኪገኝ ድረስ ሳይንስ ቢጠብቅ ኖሮ ዛሬም አንድ እርምጃ ባልሄደ ነበር። እንግዲህ እውነቱን ያወጣው የሰዎቹ ንጽሕና አይደለም። ያወጣው ያዩትና የፈረዱት ተለይቶ መጻፉ ነው።

የጊልበርትን ነገር ደግመን ብናስብ ይህ ይገለጣል። ፍርዳቸው ወድቋል፤ ቁጥራቸው ግን ቆሟል። ቁልሉና ባዶው ስፍራ እኩል መሆናቸው፣ መርፌውም አለመነቃነቁ፣ ብረቱ ተኖ እንደ ጠፋ ካወቅን በኋላ የሚጠበቀው ውጤት ነው። ከኋላ የሚነሣ ሌላ ሰው ያንኑ ልኬት አንሥቶ ለትክክለኛው ፍርድ ሊጠቀምበት ይችላል። ሎዌል ግን የተዉልን ያሉት መስመር ከፍርዳቸው ጋር የተሰፋ ነበርና፣ ፍርዱ ሲወድቅ ካርታውም አብሮ ወደቀ።

ይህ ለጨረቃና ለማርስ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ተማሪ በቤተ ሙከራ መዝገቡ ላይ፣ ጸሐፊ ወይም መርማሪ ወደ ወረዳ ተልኮ ሲመለስ በሚያቀርበው ሪፖርት ላይ፣ በየቀኑ የሚገጥመው ፈተና ይኸው ነው። «ድልድዩ በጎርፍ ፈረሰ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። «ድልድዩ ፈርሶ አገኘሁት፤ ይህን ያህል ሜትር ለካሁ፤ ሰዎቹ ይህን ነገሩኝ፤ በኔ ግምት ጎርፍ ነው» ብሎ መጻፍ ሁለት መስመር ይጨምራል። ግምቱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን ከኋላ የሚመጣው ሰው ፋይሉን ከፍቶ ከልኬቱ ይጀምራል። ያን ሁለት መስመር ያልጻፈ ሰው ትክክል ቢሆን እንኳ ለተተኪው ያቆየለት ነገር የለም።